ኃይላችን ሱስዋ ሲደርስ የእኔ ወፍጮ ለምን ይቆማል?

ወፍጮ ቤቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጅማ መርካቶ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለኝ። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሰዉ ከነጆንያው ደጅ ድረስ ተሰልፎ ሳለ ቮልቴጁ ወረደ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ መብራት ጭራሽ ቢጠፋ ይሻላል። ሲወርድ ሞተሩ ያቃስታል፣ ድንጋዩ ይከብደዋል፣ በቆሎው ሳይደቅ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ይለጠፋል። ቶሎ ካላጠፉት የሞተሩ ጥቅል ይቃጠላል። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ፈትቶ፣ የተለጠፈውን በእጅ ፈቅፍቆ አውጥቶ እንደገና መግጠም አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንዲት እናት የወጣላቸውን በጣታቸው አሽተው አዩና “ልጄ፣ ይህ እኮ ዱቄት ሳይሆን ክክ ነው” ብለውኝ ሳይከፍሉ ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም።

ማታ ሬዲዮ ስከፍት ደግሞ ለኬንያ ስለሚሸጠው ኃይልና ስለ ሁለቱ መንግሥታት ትብብር ይወራል። እኔ ኬንያን አልጠላም። ከድሮም ወዳጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመከላከያ ስምምነት ያለን ጎረቤት ናት ይባላል። ነገር ግን የግልገል ጊቤ ግድብ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ በመኪና መስኮት የማየው ውኃ ነው። ከደጃፌ የወጣ ኃይል ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ሲደርስ እኔ ጋ የሚያቃስተው ምን ሆኖ ነው? ሁለቱ መንግሥታት ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የእኔን ጉዳይ የሚያነሳው ማን ነው?

—

እንግዳ 7 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

መልሱ አጭር ነው፤ ማንም አያነሳውም። ዶላር የሚያመጣው እነርሱ ጋ ያለው አምፖል ነው፤ አንተ የምትከፍለው ብር ነው። ጀነሬተር ግዛ።

—

ጡረተኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አስረሃል። ልፍታልህ።

እኔ ግልገል ጊቤ አንድ ሲሠራ ጀምሮ እዚያ ነበርኩ። በ1996 ሲመረቅ 184 ሜጋዋት ነበር፤ ያን ጊዜ ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነው። ከእርሱ የወጣው ውኃ ባክኖ አይቀርም፤ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሥር አልፎ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ጊቤ ሁለትን ያዞራል፤ እርሱ 420 ሜጋዋት ነው። በ2002 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዋሻው ውስጥ መደርመስ ደርሶ መቆሙን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አላየንም።

የጅማ ውኃ ያመነጨው ኃይል ግን የጅማ ኃይል አይደለም። ሁሉም አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከቋቱ ጅማም ይቀዳል፣ ሐዋሳም ይቀዳል። ለኬንያ የሚቀዳው ደግሞ በውል የተቆረጠ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመት 400 ሜጋዋት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የአባይ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ኬንያ 200 ስለወሰደች የአንተ ድንጋይ አልቆመም።

የአንተን ድንጋይ ያቆመው ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ሳጥን ይመስለኛል። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሰፈሩ ስንት ቤት ነበር? ዛሬስ ስንት ነው? በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ አንዱ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሃያ ሴቶች በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩ አንተ ሞተር ታስነሳለህ። ቮልቴጁ ባይወርድ ነበር የሚገርመኝ።

—

ወፍጮ ቤቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትራንስፎርመሩ ነገር ገብቶኛል፤ ምጣዱን ግን በሴቶች ላይ አያላክኩ፤ ባለቤቴ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። ቢሆንም ጥያቄዬ ከነበረበት አልተነሳም። ወደ ኬንያ ለሚሄድ የአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር መስመር ገንዘብ ተገኘ። ለአንድ ሳጥን እንዴት ታጣ?

—

ኪቶ ፉርዲሳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ በጥያቄ መልክ እሰጣታለሁ። ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ።

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከዓለም ባንክ፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት ነው። እነዚህ አበዳሪዎች ድንበር ለሚሻገርና ገቢ ለሚያስገባ ፕሮጀክት እጃቸው ይፈታል። መርካቶ ውስጥ ላለ ትራንስፎርመር ከናይሮቢ የሚመጣ ዶላር የለም፤ ስለዚህ የአገር ውስጥ በጀት ይጠብቃል። ወዳጅ መንግሥታት አብረው ሲሠሩ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ለየብቻቸው የማያገኙትን ብድር አብረው ያገኛሉ። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ የጋራ የሆነው ነገር ሁሉ የቤት ውስጡን ይቀድማል።

አሁን “ትብብር” የሚለውን ቃል ወደ መሬት ላውርደው። መስመሩ ቀጥተኛ ፍሰት ነው፤ ሶዶ ላይ ተለዋዋጩ ወደ ቀጥተኛ ይቀየራል፣ ሱስዋ ላይ ተመልሶ ተለዋዋጭ ይሆናል። ሁለቱም አገሮች 50 ኸርዝ ነን፣ ተለዋዋጩ ፍሰት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስለሄዱ እግራቸው አብሮ ያርፋል ማለት አይደለም። ቀጥተኛ ፍሰት እግር ማስተካከሉን ያስቀራል። የአንዱ አገር ረብሻ እንዳለ ወደ ሌላው አይተላለፍም። መነጋገርን ግን አያስቀርም።

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ጠዋት የሆነውን ተመልከቱ። ከሎያንጋላኒ የነፋስ ኃይል የሚያመጣው የኬንያ መስመር ሱስዋ ላይ 288 ሜጋዋት ተሸክሞ ሳለ ተቋረጠ። ተከትሎ የእኛው መስመር 200 ሜጋዋት እንደያዘ ወደቀ። ኬንያ በአፍታ ውስጥ 488 ሜጋዋት አጣች፤ በዚያች ሰዓት ከምትፈልገው ኃይል ከሩብ በላይ ነው። ከተሞቿ ጨለሙ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ላኪውም ጤና የለውም፤ ድንገት ገዢ ያጣ ኃይል ተርባይኑን ያስፈጥነዋል፣ ቶሎ መግታት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የሚያድነው የሚኒስትሮች ፎቶግራፍ አይደለም። ሁለት የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ስልኩን የሚያነሱት በስንተኛው ጥሪ ነው? መጠባበቂያውን ማን ይይዛል? መልሶ ለማገናኘት “አሁን” የሚለው ማን ነው? የኢነርጂ ዲፕሎማሲ የምንለው ነገር እንጀራው የሚጋገረው እዚህ ላይ ነው።

—

እንግዳ 7 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡21

መምህር፣ እንጀራ ስትል ጋሼ ደግሞ ወደ ምጣዱ ይመለሳሉ።

—

የሞያሌ መንገደኛ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጭነት ይዤ ሞያሌ ድረስ እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴም ተሻግሬ ናይሮቢ እደርሳለሁ። ከእናንተ ክርክር የጎደለው የወዲያኛው ሰው ነው።

አንድ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። ቆጣሪው በቅድሚያ ክፍያ ነው፤ በስልክ ከፍሎ ቁጥር ይላክለታል፣ ቁጥሩን ያስገባል። አንድ ቀን ከሱቁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቁጥሩን እያስገባ “እናንተ ርካሽ ትሸጡልናላችሁ ይባላል፤ የእኔ ሒሳብ ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም” አለኝ። ቀጠለና፣ ኦልካሪያ ላይ ከምድር የሚወጣ እንፋሎት እያለን ለምን ከውጭ እንገዛለን ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! በውሉ መሠረት የእኛ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ እርሱ ጋ ሲደርስ ማከፋፈያው፣ ግብሩ፣ ልዩ ልዩ ክፍያው ተደራርቦ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

እና ወፍጮ ቤቱ ወንድሜ፣ እርሱም እንደ አንተ ነው የሚያማርረው። አንተ “ለምን ይሸጣል” ትላለህ፣ እርሱ “ለምን ይገዛል” ይላል። ሁለታችሁም መንግሥቶቻችሁ እናንተን ሳያማክሩ የተስማሙ ይመስላችኋል።

—

ወፍጮ ቤቱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ይህ ደግሞ አሳቀኝ። ሰላም በልልኝ። ግን እውነቱን ነው፤ እንፋሎት ካላቸው ለምን ይገዛሉ?

—

ኪቶ ፉርዲሳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። እንፋሎት ሌሊትም ቀንም ይወጣል፤ ሌሊት ፈላጊ ሲያንስ ኦልካሪያ ላይ ሳይጠቀሙበት ወደ አየር የሚለቁት ጊዜ አለ። ነፋሱም ሌሊት ይበረታል። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም መብራቱን ሲያበራ ግን ያላቸው አይበቃም፤ ያን ጊዜ ድሮ በናፍጣ የሚነዱ ጣቢያዎችን ያስነሱ ነበር። ከእኛ የሚገዙት ይህን ውድ ሰዓት ለመሸፈን ጭምር ነው።

እኔን የሚያስቆጨኝ ቀሪው ግማሽ ነው። ግድብ ማለት ማጠራቀሚያ ነው። መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት ይችላል። ሌሊት የእነርሱን ትርፍ ነፋስና እንፋሎት በርካሽ ወስደን እኛ ውኃችንን ብንዘጋ፣ ምሽት በውድ ሰዓት ያጠራቀምነውን ብንለቅ፣ ሁለታችንም እናተርፋለን። ዴንማርክና ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ይህንኑ ይሠራሉ፤ ነፋስ ከዴንማርክ፣ ውኃ ከኖርዌይ። ይህን ለማድረግ ግን የሃያ አምስት ዓመት ቋሚ ቁጥር አይበቃም፤ ዋጋ በሰዓት የሚነጋገሩበት ገበያ ያስፈልጋል። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት በ1997 ሲቋቋም፣ ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ሲሆን፣ ሐሳቡ ወደዚያ መድረስ ነበር። ታንዛኒያም ለሰሜኑ ክፍሏ በኬንያ በኩል ከእኛ ልትገዛ መነሳቷን ፕሬዚዳንቷ በይፋ ተናግረዋል። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ደግሞ መተላለፊያ ክፍያው አለ፤ በጓሮዬ የሚያልፍ ሰው ስንት ይክፈለኝ የሚለው ነገር።

—

እንግዳ 7 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ኖርዌይን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ብሪታንያ 720 ኪሎ ሜትር ኬብል በባሕር ሥር ዘረጉ፤ 1,400 ሜጋዋት። ከዚያ የአውሮፓ ዋጋ ሲንር የደቡብ ኖርዌይ ሰው ሒሳብ አብሮ ናረ፣ ሕዝቡም “ኬብሉን ቁረጡልን” ብሎ መንግሥቱን ወጥሮ ያዘ። ሀብታሞች ናቸው፤ በየቤታቸው መብራት አለ። እንደዚያም ሆኖ ተቆጡ። እኛ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መስመር ያልደረሰው ነን። ስለዚህ የወፍጮ ቤቱ ቁጣ የእውቀት ማነስ ተደርጎ አይታይ።

—

ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ዛሬ የቁም ነገር ሰው ሆነሃል፣ እንግዳ ሰባት። በዚህ እስማማለሁ። ሻጭ አገር የቤቱን ሰው ካላስከተለ ውሉ የሚፈርሰው ከውጭ አይደለም።

በገዢውም በኩል ያው ነው። ያ ሎያንጋላኒ ያለው የነፋስ ጣቢያ፣ 310 ሜጋዋት፣ ተርባይኖቹ ቆመው አልቀው መስመሩ ግን ስላልደረሰ ከአንድ ዓመት በላይ ነፋሱን እያዩ ቁጭ ብለው ነበር፤ የኬንያ መንግሥትም ለዚያ ካሳ ከፍሏል። በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ካልተናበቡ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለት አገሮች ሲሆኑ አስቡት። የሶዶው መስመር የእኛ ድርሻና የእነርሱ ድርሻ ድንበር ላይ መገናኘቱ ራሱ ለእኔ ለአሮጌው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ኅዳር 2015 ኃይሉ ሲሄድ ቤቴ ሆኜ ቡና አስፈልቻለሁ።

—

ቦዬ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁላችሁም ስለ ሽቦ ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ውኃው ላንሳ።

ከአዌቱ ወንዝ እንጀምር። ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የመርካቶን ላስቲክና እጣቢ ይዞ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ግልገል ጊቤ አንድ ላይ ተርባይን ያዞራል፣ ጋሼ እንደነገሩን በዋሻው አልፎ ጊቤ ሁለትን፣ ከዚያ በኦሞ ወርዶ በ2009 የተመረቀውን 1,870 ሜጋዋት ጊቤ ሦስትን። መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ከሐይቁ ውኃ ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ እጅ ከኦሞ ነው። ስለዚህ እኔ ጠዋት የደፋሁት የዕቃ ማጠቢያ ሦስት የኃይል ማመንጫ አልፎ ኬንያ ይገባል። ኃይሉም በሽቦ ኬንያ ይገባል። አንድ ውኃ ሁለት ጊዜ ድንበር ይሻገራል፤ በሽቦ የሄደው ብቻ ደረሰኝ አለው።

ጊቤ ሦስት ሲሞላ የሐይቁ ወለል ዝቅ ብሎ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ብሔራዊ ፓርኮችን ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው። እዚህ ላይ ወዳጅነቱ ይፈተናል። ናይሮቢ ያለው የኢነርጂ ሰው የኦሞን ኃይል ይፈልጋል፤ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅ ያው ኦሞ እንዳይያዝበት ይፈራል። ሁለቱም ኬንያውያን ናቸው። አዲስ አበባ የምትነጋገረው ከየትኛው ጋር ነው?

—

ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እመቤቴ፣ ደረሰኝ ያሉት ነገር ደስ ብሎኛል። ግን ለፍርድ እንዳይጣደፉ። ግድቡ ሞልቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ውኃውን አይበላውም፤ አዙሮ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በዝናብ ብዛት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሞልተው ሰው አፈናቅለዋል፤ ቱርካናም ከፍ ብሏል።

—

ቦዬ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ጋሼ፣ መብላትና አለመብላት ብቻ አይደለም ነገሩ፤ ጊዜው ነው። የኦሞ ክረምት ሙላት ደለል ይዞ ሲወርድ ዓሣው ይራባል፣ ከታች ያሉት ሰዎች ውኃው ሲሸሽ በረጠበው ዳርቻ ማሽላ ይዘራሉ። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚፈስ ውኃ ለተርባይን ደስ ይላል፤ ለዓሣ ግን የተሰረዘ በዓል ነው። ሐይቁ በዝናብ መሙላቱ ደግሞ ለጥያቄዬ ማስረጃ ነው፤ ሙላት ሲመጣ ከግድቡ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ ታች ላለው ሰው በቅድሚያ ሊነገረው ይገባል። ኪቶ ፉርዲሳ ያነሳው ስልክ ለመብራት ብቻ አይሁን ነው የምለው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስለ ሜጋዋት ሲደውል ስለ ውኃውም ይደውል።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከጅማ ዙሪያ እየታጠበ የሚወርደው አፈር የግልገል ጊቤን ግድብ እየሞላው ነው። የቦዬ ረግረግ ያንን አፈር የሚያጣራ ወንፊት ነበር፤ እየደፈንን ቤት እንሠራበታለን።

—

ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

በደለሉ ተረታሁ። ዘመኔን ሙሉ የፈራሁት እርሱን ነው።

—

የሞያሌ መንገደኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ለመንገድ እየተዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ድንበር ላይ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ መካከል የሚገባ ደላላ አለ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፣ ሁለቱም ይሰድቡታል፣ ያለ እርሱ ግን ከብት አይሸጥም። መንግሥታቱስ በየጊዜው የማይቀያየር፣ ጉዳዩን ከአንዱ ሚኒስትር ወደ ሌላው የሚያሻግር እንዲህ ያለ ሰው አላቸው? ቢኖራቸው ኖሮ ያ ባለ ሱቅ እኔን ባልጠየቀኝ ነበር።

—

ኪቶ ፉርዲሳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ብራዚልና ፓራጓይ ኢታይፑን ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1973 ባደረጉት ስምምነት የሁለቱም እኩል የሆነ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ግድቡ 14,000 ሜጋዋት ነው፤ ግማሽ ግማሽ ነው፤ ያልተጠቀመበትን ለሌላው ይሸጣል። ፓራጓይ ትንሽ ስለሆነች አብዛኛውን ድርሻዋን ለብራዚል ስትሸጥ ኖረች፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው እያለች ስታማርር ደግሞ ብዙ ዓመት ሆናት። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ቋሚ የጋራ ተቋም ጭቅጭቅን አያጠፋም፤ የሚጨቃጨቁበት ክፍል ግን ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ቁጥር ስትፈርም የልጅ ልጅህ እንደሚያነበው አስብ። የእኛ 6.5 ሳንቲምም ሃያ አምስት ዓመት ረጅም ነው።

—

ወፍጮ ቤቱ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ከእኔ ጋር ስድስት የሰፈር ሰዎች ሆነን ተነጋገርን፤ ሁለት ወፍጮ፣ አንድ ብየዳ፣ አንድ የእንጨት ሥራ፣ ሁለት ዳቦ ቤት። ጭነቱ እንዲለካልን ማመልከቻ ጻፍን። ማመልከቻው ውስጥ ስለ ኬንያ አንድም ቃል የለም፤ መጀመሪያ ነበረ፣ ባለቤቴ አስወጣችው። “ሳጥን ለመጠየቅ ስትሄዱ ለሚኒስትር የሚጻፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?” አለችን።

የሬዲዮው ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ለኬንያ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ቅንጣቷ ለማከፋፈያ መስመር ጥገና ትመደብ፣ ይህም በአደባባይ ይነገር። ያኔ ሽያጩ ወደ 400 ሲያድግ እኔም ቡና አስፈላለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ ቢኖሩ የሚነግሩንን ቋንቋ ይረዱልናል። ነገ ሐሙስ ጠዋት ከእኛ ጋር ቢሮ ድረስ ይመጣሉ?

—

ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡02

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ አንተም ወፍጮህን ትተህ አትሄድም፣ መንገዱም አያሳልፍም። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን። የሞተርህን የስም ሰሌዳ ፎቶግራፍ አንስተህ ያዝ፤ ኪሎዋቱና አምፒሩ የተጻፈበትን። የሰባቱንም ያዙ፤ ምጣዱን እኔ እደምረዋለሁ።

—

ወፍጮ ቤቱ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡10

ስድስት ነን፣ ጋሼ።

—

ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡14

ሰባተኛው እኔ ነኝ። ቤቴ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ነው።